ብልቃጡ ላይ ያለችው ጥንቸል

ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ አንድ የማስተርስ ተማሪ የአንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ንጥረ ነገር) ብልቃጥ ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። «ጥንቸል፣ ጸረ ግሉኤን1» ይላል። «እኔ የምሠራው በአይጥ አንጎል ነው፤ የጥንቸሉን ምን ላድርገው?» አለ። አብሽር አልኩት።

ጥንቸሏ አንቲቦዲው የተሠራባት ናት እንጂ የምትፈለገው እሷ አይደለችም። ግሉኤን1 የሚባለውን ፕሮቲን ቁራጭ ይወጓትና አንቲቦዲውን ከደሟ ይወስዳሉ። የሚፈለገው ግሉኤን1 ነው፤ ኤንኤምዲኤ የሚባለው የግሉታሜት (የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉበት ኬሚካል) ተቀባይ አንድ ክፍል። በየትኛው እንስሳ ላይ እንደሚሠራ «ሪአክቲቪቲ» የሚለው መስመር ይነግርሃል። እዚያ «አይጥ» ካለ በቃ።

ጣጣው ያለው ሁለተኛው አንቲቦዲ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ይዞ የሚያበራው እሱ ስለሆነ፣ ጸረ ጥንቸል፣ ማለትም የጥንቸል አንቲቦዲን የሚይዝ፣ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ከአይጥ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ጸረ አይጥ ልንጠቀም ነው። እሱ ደግሞ አንጎሉ ውስጥ የቀረውን የአይጧን የራሷን አንቲቦዲም ይይዛል። ከዚያማ ስላይዱ (የአንጎሉ ቁራጭ ያረፈበት መስታወት) ሁሉ ቦግ ይላል፤ ምኑን ከምን ትለያለህ? እንደውም ጥንቸል መሆኗ በጀው።

በድሮ ጽሑፍ ኤንአር1 ካጋጠመው ያው ግሉኤን1 ነው። በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ የሚያሳይ ዘዴ) የግሉኤን1ን መስመር 120 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ይፈልግ።