ባሕር ላይ ስለሚመረት ኃይል የሰለቹኝ ወሬዎች

ጣና ዳር ዓሣ ጥብሱ ቀርቦ፣ ቢራው ተከፍቶ፣ "አንተ የኢነርጂ ሰው አይደለህ?" ከተባልኩ ምሽቴ አለቀ ማለት ነው። ሥራዬ የኢንዱስትሪ ደህንነት ማስተማር ነው። አንድ ጊዜ ባሕር ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ለሚሰጥ የደህንነት ስልጠና ስኮትላንድ፣ አበርዲን ሄጃለሁ። ጣጣ ያመጣችብኝ ያቺ ጉዞ ናት። ከዚያ ወዲህ ባሕር ላይ ስለሚወጣ ነዳጅም ሆነ ስለሚተከል የንፋስ ተርባይን ክርክር ከተነሳ ዳኛው እኔ ነኝ። እስቲ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

"የባሕር ላይ ተርባይን ገና ሙከራ ነው።" ዴንማርኮች ቪንደቢ ላይ 11 ተርባይን የተከሉት በ1991 ነው። አገልግሎ፣ አርጅቶ በ2017 ተነቅሏል። ሙከራ ጡረታ አይወጣም።

"ጥልቅ ውሃ ላይ አይቆምም።" አይቆምም፣ ይንሳፈፋል። ስኮትላንድ ፒተርሄድ አጠገብ ከ2017 ጀምሮ 5 ተርባይኖች ከባሕሩ ወለል ጋር ታስረው እየተንሳፈፉ ያመነጫሉ።

"ታዲያ ጣና ላይ ለምን አንተክልም?" ሰው ባሕር የሚገባው መሬት ሲጠበው ወይም የተሻለ ንፋስ ፍለጋ ነው። ወጪው ከየብስ በጣም ይበልጣል። እኛ አሸጎዳና አዳማ ላይ መሬት ላይ ተክለናል። ጣናም ቢሆን ሥራ አልፈታም። በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ከዚሁ ሐይቅ በዋሻ በሚወሰድ ውሃ ነው። ሐይቁ ላይ ሌላ ሸክም ከመጫናችን በፊት እምቦጩን ብንነቅልለት ይሻላል።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። "ተፎካካሪ የኢነርጂ ድርጅቶች እንዴት ተባብረው ይሠራሉ? ለፎቶ ነው እንጂ!"

የዘጌ ጀልባዎችን ያየ የባሕር ዳር ሰው ይህን ይጠይቃል? ባለፈው ዓመት ከዘጌ ስመለስ ክብራን ገብርኤል አጠገብ የጀልባችን ሞተር ጠፋ። ንፋሱ ተነስቷል፣ ማዕበሉ ጎናችንን ይመታል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ገብርኤልን ይጣራሉ። የደረሰልን የሌላ ማኅበር ጀልባ ነው። ያ ልጅ ጠዋት ወደቡ ላይ ከኛ ነጂ ጋር በሁለት ቱሪስት ሲሰዳደብ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዋጋ አልጠየቀም። "ጋሼ፣ ገመዱን ይያዙ!" አለኝ፣ ጎተተን። ወደብ ስንደርስ ስድቡ ካቆመበት ቀጠለ።

ስኮትላንድ አጠገብ ያለው ሰሜን ባሕርም እንዲሁ ነው። እዚያ ግን ትምህርቱ በሬሳ ተከፍሎበታል። ጁላይ 6 ቀን 1988 ፓይፐር አልፋ በተባለው፣ ባሕር ላይ በቆመ የነዳጅና ጋዝ ማውጫ መድረክ ላይ አንድ ፓምፕ ለጥገና ቆሟል። የግፊት መከላከያ ቫልቩ ተፈትቶ በቦታው ጠፍጣፋ ክዳን ገብቷል። ይህን የሚናገረው ወረቀት ለማታው ፈረቃ አልደረሰም። ሌላኛው ፓምፕ እምቢ ሲላቸው ያንኑ አስነሱት። ጋዝ አፈተለከ፣ ፈነዳ። በቧንቧ የተገናኙት ጎረቤቶቹ ታርታንና ክሌይሞር ደግሞ እሳቱ እየነደደ ነዳጅና ጋዝ መግፋታቸውን ቀጠሉ። ታርታን የሌላ ኩባንያ ነበር። 167 ሰው ሞተ። የሎርድ ከለን አጣሪ ቡድን በ1990 ያቀረባቸውን 106 ምክረ ሐሳቦች ኢንዱስትሪው አንድም ሳይጥል ተቀበለ። ይህ ለፎቶ ነው?

በ2010 የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤው የነዳጅ ጉድጓድ ለ87 ቀን ሲፈስም እንዲሁ ነው የሆነው። በዚያው ዓመት የነዳጅ ኩባንያዎቹ ኤክሶንሞቢል፣ ሼቭሮን፣ ኮኖኮፊሊፕስና ሼል ለሌላ ጊዜ የሚሆን የጋራ የፍሰት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ለማዘጋጀት ተስማሙ። ገበያ ላይ ጠላት ናቸው። ዋጋና ጨረታ ይደባበቃሉ፣ ዋጋ ላይ ቢመካከሩማ ሕጉም አይለቃቸው። አደጋን ግን ተደብቀህ የት ትደርሳለህ?

ካርቦን መቀነስ ሲመጣ ደግሞ ትስስሩ ባሰ። ኖርዌይ ሃይዊንድ ታምፐን ላይ 11 ተንሳፋፊ ተርባይኖች፣ 88 ሜጋ ዋት፣ ኤሌክትሪክ የሚልኩት ለስኖሬና ለጉልፋክስ የነዳጅ መድረኮች ነው። ንፋሱ ሲደክም መድረኩ የራሱን ጋዝ ያነዳል። እንግዲህ የንፋሱ ሰውና የነዳጁ ሰው ተኳርፈው ያድሩ? ኖርዘርን ላይትስም የኢኩዊኖር፣ የሼልና የቶታል ኢነርጂስ የጋራ ድርጅት ነው። ከፋብሪካ የተያዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመርከብ አጓጉዞ ከባሕሩ ወለል 2,600 ሜትር በታች ይቀብራል። መርከብ፣ ቧንቧና ጉድጓድ በየግል ልግዛ ያለ ሒሳቡን አልሠራም።

"ነዳጅ ሲያበቃ ሙያውም ያበቃል" የሚሉም አሉ። ዛሬ ኦርስቴድ የሚባለው የባሕር ላይ ንፋስ ኩባንያ ሙሉ ስሙ የዴንማርክ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ነበር። በ2017 ነዳጁን ሸጠ፣ ስሙንም ቀየረ። አበርዲን ላይ፣ ሄሊኮፕተር ባሕር ላይ ቢወድቅ መውጣት እንድንማር፣ የሄሊኮፕተር ቀፎ ውስጥ አስረው ገንዳ ውስጥ ገለበጡን። ውሃው አፍንጫዬ ሲገባ ግራዬ የነዳጅ ቆፋሪ፣ ቀኜ የተርባይን ጠጋኝ ነበር። መውጫው መስኮት አንድ ነው።

የመጨረሻዋ የተማሪዎቼ ናት። "መምህር፣ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?" ፓይፐር አልፋን ያቃጠለው ባሕሩ ነው እንዴ? የፈረቃ ርክክብ ነው። ይህ ደግሞ ዱቄት ፋብሪካም አለ፣ ጣና በለስም አለ። ስለዚህ ልጆች፣ መዝገብ ላይ ጻፉ። በቃል ብቻ አታስረክቡ። የምትጠግኑትን ማሽን ቆልፋችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬቱን ልበሱት፣ መቀመጫ አታድርጉት። ዋናም ተማሩ።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ "ዋና የሚችል?" ብዬ ጠየቅኩ። አራት እጅ ወጣ። ሦስቱ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው።