የዩኒፎርም ግዴታ ምንድን ነው?

ነሐሴ ሲጋመስ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ የሚያስተምር ሰው ወሬው አንድ ነው። ክፍያ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም። ክፍያው ያንገበግባል፣ ግን ቀድሞ ይታወቃል። ደብተር ከየትም ይገዛል። ዩኒፎርሙ ላይ ግን ጭቅጭቅ አይጠፋም። «የዓምናው እኮ ደህና ነው፤ የግድ አዲስ መግዛት አለብኝ?» የሚል ወላጅ አለ። «እንዲህ ዓይነቱን ሹራብ መርካቶ በርካሽ አይቼዋለሁ፤ ለምን ከእናንተ ብቻ?» የሚልም አለ። መልሱ አጭር ነው። ደንብ ነው።

እስቲ ይህን ደንብ ፈታ አድርገን እንየው።

የዩኒፎርም ግዴታ ማለት የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሙሉ በተወሰነ ቀለምና ስፌት ለብሰው እንዲመጡ የሚያዝ ደንብ ነው። ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ምዝገባ ላይ ሳያነብ በሚፈርመው ወረቀት ውስጥ ነው። ወረቀቱ ስለ ሸሚዙ፣ ስለ ሱሪው፣ ስለ ጉርዱና ስለ ሹራቡ በዝርዝር ይናገራል። አንዳንዱ ጥቁር ጫማም ይጨምራል። ልብሱን ማን እንደሚገዛና ሳይለብስ የመጣ ልጅ ምን እንደሚደረግ ግን እምብዛም አይነካም። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ይኸው ያልተጻፈው ክፍል ነው።

ደንቡ ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ይሂድ። አስፋልቱ ዳር ዳር አረንጓዴ ሹራብ፣ ሰማያዊ ሱሪ፣ ቡኒ ጉርድ ይተራመሳል። በየበሩ ዘበኛውና ዩኒት ሊደሩ ቆመዋል። በሹራቡ ላይ ሌላ ጃኬት የደረበ «አውልቅ» ይባላል። ጂንስ የለበሰ ወደ ጎን ይቆማል። ሲደጋገም «ወላጅ አምጣ» ይመጣል። ባንዲራ ተሰቅሎ ሰልፉ ሲበተን ከበሩ ውጭ የቀሩ ሁለት ሦስት ልጆች አይጠፉም።

ለምን ይህ ሁሉ? ብዙ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክንያት እኩልነት ነው። የሀብታምም የድሃም ልጅ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ከለበሰ ማን ምን እንዳለው አይታይም ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። ዩኒፎርም ባይኖር አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በየማለዳው «ምን ልልበስ?» ብላ መጨነቋ አይቀርም። ሁለት ቅያሪ ብቻ ያላት ልጅ ደግሞ ሁለት ቅያሪ ብቻ እንዳላት በሳምንት ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ዩኒፎርሙ ከዚህ ያድናታል። ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ግማሽ ግን አለ። ሸሚዙ አንድ ሲሆን ዓይን ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ጫማው። ከጫማው ወደ ቦርሳው፣ ከቦርሳው ወደ ስልኩ፣ ከዚያ ወደ ምሳ ዕቃው። ልጆች ልዩነት ለማግኘት አይቸገሩም። ሱሪውን ሰፈር ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ የሚያስጠብበው፣ ጉርዷን ወገቧ ላይ አጣጥፋ የምታሳጥረው እኮ ዩኒፎርም ለብሰው ነው። እናት ነገሩን የምታውቀው ቅዳሜ ስታጥብ ነው።

ከግቢ ውጭ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። ታክሲ ተራ ላይ ሰልፍ የያዙ ተማሪዎችን ተመልከቱ። የማን ልጅ ከፍሎ እንደሚማር፣ የማን ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንደሚማር ከሹራቡ ይነበባል። እዚያ ላይ ዩኒፎርም ልዩነትን አይሸፍንም፤ በደረት ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ «እኩል ያደርጋል» የሚል ሰው «በአንድ ግቢ ውስጥ» የምትለዋን ቢጨምር ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት መለያነቱ ነው። ይህኛው ከእኩልነቱ ያነሰ ይወራለታል፣ በእኔ እምነት ግን የበለጠ ይሠራል። ዘበኛው ግቢ ውስጥ የገባውን እንግዳ ከሩቅ ይለያል። መንገድ ላይ የወደቀን ሕፃን ያገኘ ሰው ወዴት እንደሚወስደው ያውቃል። ከክፍል ፎርፎ ፑል ቤት ወይም ጆተኒ ላይ የተገኘ ልጅ ደግሞ የሰፈር ሰው ሁሉ ዓይን ይጥልበታል። «አንተ፣ ክላስ የለህም?» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ልጆቹም ያውቁታል። ለመፎረፍ የወሰነ ተማሪ ቦርሳው ውስጥ ቲሸርት ይዞ ነው የሚወጣው። ዘዴው ይገርማል፣ ግን ቢያንስ ቀድሞ እንዲያስብበት አስገድዶታል።

ሦስተኛው ሥነ ምግባር ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ይረጋጋል፣ ውጤቱም ይሻሻላል ይባላል። እዚህ ላይ አሜሪካኖች የሞከሩትን ማየት ይጠቅማል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለችው ሎንግ ቢች እ.ኤ.አ. በ1994 ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎቿን ዩኒፎርም አስለበሰች። ብዙም ሳይቆይ ጠብና ጥፋት ቀነሰ ተባለ። በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለምክር ቤት ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር ሐሳቡን ደገፉት፣ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዴቪድ ብራንዝማና ኬሪ አን ሮክሞር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአገር አቀፍ መረጃ ይዘው የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን አነጻጸሩ። ዩኒፎርም በጠባይም፣ በመቅረትም፣ በአደንዛዥ ዕፅ አጠቃቀምም ላይ የሚታይ ለውጥ አላመጣም። ሎንግ ቢች ውስጥ ከዩኒፎርሙ ጋር አብረው የተጀመሩ ሌሎች ሥራዎች ነበሩ። ምስጋናውን ግን ልብሱ ወሰደው። እኛም አገር ጥሩ ዳይሬክተር የመጣበት ትምህርት ቤት ሲለወጥ «ዩኒፎርሙን ካጠበቁ ወዲህ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል።

ከአሜሪካ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን የኬንያ ነው። በምዕራብ ኬንያ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ አድለው ምን እንደሚሆን ተከታተሉ። በመጀመሪያው ጊዜ የልጆቹ ከትምህርት ቤት መቅረት ከሲሶ በላይ ቀነሰ። ቀድሞ ዩኒፎርም ጨርሶ ባልነበራቸው ላይ ደግሞ ከግማሽ በላይ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ያ ለውጥ ዘላቂ ሆኖ አልተገኘም። እዚያው ኬንያ በተደረገ ሌላ ጥናት ግን ነፃ ዩኒፎርም ያገኙ ሴት ተማሪዎች ትምህርት የማቋረጣቸውና በለጋ ዕድሜ የመውለዳቸው ነገር ቀንሷል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልጆቹን ወደ ክፍል የመለሳቸው ጨርቁ ራሱ አይደለም። ዩኒፎርም መልበስ በፊትም ይጠበቅባቸው ነበር። ከበሩ ያስቀራቸው አለመኖሩ ነው። እንግዲህ ያው ደንብ መግዛት የማይችለውን ልጅ ያስቀረዋል፣ ሰው ሲገዛለት ደግሞ ያስገባዋል። «ዩኒፎርም ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን?» ብሎ መከራከር ለዚህ ነው ብዙ የማያራምደው። ግዴታው የማን ነው? የልጁ ብቻ ነው ወይስ የሚያዘውም አካል ድርሻ አለበት?

ታሪኩም ወደዚያው ይወስዳል። ዛሬም ድረስ በሚለበስ የተማሪ ዩኒፎርም በጥንታዊነቱ ከሚጠቀሱት አንዱ ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1552 ለንደን ውስጥ ለድሃና ለወላጅ አልባ ልጆች ተከፈተ። ረጅሙን ሰማያዊ ካባ ለልጆቹ የሰጣቸው ትምህርት ቤቱ ነው። የሚለብሱት ስላልነበራቸው አለበሳቸው። ዛሬም ዩኒፎርሙን ለተማሪዎቹ በነፃ ይሰጣል። የባለጸጋ ልጆች ትምህርት ቤቶች ልብሱን የክብር ምልክት ያደረጉት በኋላ ነው። መነሻው ግን ያዘዘው ያለብስ ነበር።

አዲስ አበባም ወደዚህ መንገድ ገብታለች። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ አስተዳደሩ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማደል፣ ምገባም መስጠት ጀመረ። ስለ አስተዳደሩ ሌላ ነገር ማንም የፈለገውን ይበል፣ ይህ ሥራ ትልቅ ነው። ለሦስት ልጅ በአንድ ወር ዩኒፎርም ማሰፋት ለቀን ሠራተኛ ወይም ጉሊት ለምትቸረችር እናት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

በነፃ መታደሉ ግን ሁሉንም አይጨርስም። ልጅ ያድጋል፤ መስከረም ላይ ልኩ የነበረው ሱሪ ግንቦት ላይ ቁርጭምጭሚቱን ያሳያል። አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ያለው ልጅ ደግሞ ረቡዕ ቀን ጭቃ ላይ ከወደቀ ጣጣ ነው። ማታ ታጥቦ ለጠዋት መድረቅ አለበት። መስከረም ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ማለዳውም ይበርዳል። እናት እርጥቡን ሹራብ በካውያ ታደርቀዋለች፣ መብራት ካለ። ልጁ በማግሥቱ በሌላ ሹራብ ቢመጣ ጥፋተኛው ማን ነው?

መሀል ላይ የቀሩም አሉ። ልጆቻቸውን አነስተኛ ክፍያ ወደሚጠይቁ የግል ትምህርት ቤቶች የሚልኩ ወላጆችን ማለቴ ነው። ከተማው አያለብስላቸውም፣ ሀብታምም አይደሉም። ብዙ ጊዜ ሹራቡ ላይ የትምህርት ቤቱ ዓርማ ተጠልፎ ይመጣል፣ የሚሸጠውም ትምህርት ቤቱ ራሱ ወይም እሱ የመረጠው አንድ ነጋዴ ነው። ጨርቁ ያው መርካቶ ያለው ቴትሮን ነው። ዓርማዋ ግን ዋጋውን ታንረዋለች። እንግሊዞች ይህን ችግር አይተው እ.ኤ.አ. በ2021 ሕግ አወጡ። በሕጉ መሠረት የወጣው መመሪያ ዓርማ ያለባቸው ልብሶች ቁጥር እንዲያንስ፣ ያገለገለ ዩኒፎርም በቀላሉ እንዲገኝ ትምህርት ቤቶችን ያዝዛል። እኛ ዘንድ መፍትሔው ከዚህም ይቀላል። ዓርማው ለብቻው በቁራጭ ጨርቅ ተሠርቶ ይሸጥ። ወላጅ ሹራቡን ከፈለገበት ገዝቶ ይስፋበት። የታላቁም ለታናሹ ይተላለፍ።

የመሀል ከተማው ሰው አሁን ሌላም ጣጣ አለበት። ፒያሳና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. መፍረስ ሲጀምር ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ልጅ በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ሲቀይር ዩኒፎርሙም ይቀየራል። እንዲህ ያለውን ልጅ የድሮውን ለብሶ እንዲጨርስ መፍቀድ ምንም አይጎዳም። አዲሱ ክፍል ውስጥ እንግዳ መሆኑን እንደሆነ ልጆቹ ያለ ሹራቡም ያውቃሉ።

ሃይማኖት የሚነካው ክፍል ስስ ነው። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ሂጃብ የሚለብሱ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተከለከሉ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ላይ የምናየው መፍትሔ ግን የታወቀ ነው፤ ፀጉር የሚሸፍነው ጨርቅ ከዩኒፎርሙ ቀለም ጋር ይመሳሰላል፣ ልጅቷም ትማራለች። የተማሪነት መለያው አልጠፋም፣ እምነቷም አልተነካም። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ቅጣቱ ላይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ቃል አለው። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሹራቡ ስላልደረቀ ጠጠር ላይ የሚንበረከክ ልጅ ይህ አንቀጽ ይመለከተዋል። ከክፍል ማስወጣትም ያው ነው ባይ ነኝ። ዩኒፎርሙን ያልገዛው ልጁ አይደለም፤ ሂሳቡን ግን በትምህርቱ የሚከፍለው እሱ ነው። ሱሪውን ሆን ብሎ የቀየረን የ11ኛ ክፍል ጎረምሳ መገሠጽ ሌላ ጉዳይ ነው። ደህና ዩኒት ሊደር ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃዋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዩኒፎርም ግዴታ ሆኖ ይቀጥል። በእኛ ከተማ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል፤ ለመለያነቱና ለዚያች ሁለት ቅያሪ ብቻ ላላት ልጅ ስል። ግን የሚያዘው አካልም ይገደድ። መንግሥት ከሆነ ልብሱን በጊዜ ያቅርብ። የግል ከሆነ ወላጅን ከአንድ ሻጭ ጋር አይሰር፣ ቀለሙንም በየሁለት ዓመቱ አይቀያይር። ልብስ የሌለው ልጅ ይግባ፣ ይማር፤ ጥሪው ለወላጅ ይሂድ።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የሚባለው ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው። ብዙዎቻችን ስብሰባው ላይ ለመፈረም ብቻ እንሄዳለን። ሰኔ ላይ ውጤት ሲሰጥ ሁሉም ወላጅ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ፤ ለከርሞ ዩኒፎርሙ ይቀየር እንደሆነ፣ ከውጭ ማሰፋት ይቻል እንደሆነ፣ ሳይደርስለት የመጣ ልጅ ምን እንደሚደረግ ያኔ ይጠየቅ። መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ነሐሴ ላይ ከሆነ ጨርቁ ተገዝቶ፣ ሰፊውም ቀብድ ተቀብሏል።