አንቲክ ታርጋ ምንድን ነው? ለአሮጌ ፒክአፕስ ያዋጣል?

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ፒክአፕ የገዛ ሰው ከጓደኛ የሚሰማት አንዲት ምክር አለች። «አንቲክ ታርጋ ለጥፍበትና ተገላገል!» ኢንስፔክሽን የለ፣ በየዓመቱ ማደስ የለ፣ ካር ታክሱም ይቀልልሃል። ምክሩ ውሸት አይደለም። ግን ግማሹን ይዘላል፣ የተዘለለው ግማሽ ደግሞ ፒክአፕ ላይ ሲመጣ ይከፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቲክ ታርጋ ዕድሜው ለገፋና ባለቤቱ ለሥራ ሳይሆን ስለሚወደው ብቻ ለሚያቆየው መኪና የሚሰጥ ታርጋ ነው። ስለዚህ የሚጠይቅህ ሁለት ነገር ነው። መኪናው ስንት ዓመቱ ነው? ምን ትሠራበታለህ? አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ሰምቶ ይሮጣል። ሀገር ቤት ኮድ 2፣ ኮድ 3 ስንል የኖርነው ታርጋው የመኪናውን ሥራ ስለሚናገር አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው፤ የሚናገረው ግን «ይህ መኪና ሥራ የለውም» ብሎ ነው።

ታርጋ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ስለሆነ ሕጉ እንደየቦታው ይለያያል። ብዙ ሀበሻ ከሚኖርበት ከቨርጂኒያ እንጀምር።

ቨርጂኒያ 25 ዓመት ይላል። 25 ዓመት ሲባል ብዙ ሰው በዓይኑ የሚመጣበት ያ የ1950ዎቹ ድቡልቡል ፎርድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቆይ ግን፣ እስኪ ቁጠር። የ1999 ፎርድ ሬንጀር 25ን አልፏል። ሲልቨራዶ ራሱን የቻለ ሞዴል ሆኖ የወጣው በ1999 ነው፣ እሱም ገብቷል። የ1995ቱ የመጀመሪያው ታኮማ ከገባ ቆየ። እነዚህ ሙዚየም የሚቀመጡ መኪኖች አይደሉም፤ ዛሬም ጠዋት ተነስተው ሥራ የሚሄዱ፣ ሣር ማጨጃ የሚጎትቱ፣ ጂፕሰም የሚጭኑ መኪኖች ናቸው። ሕጉ ሲጻፍ የታሰበው ሰው እሑድ እሑድ እየወለወለ የሚያወጣው መኪና ነበር። አሁን ግን ዕድሜው ያንኑ መስመር ያለፈው የሰፈሩ የሥራ መኪና ሆነ።

ጥቅሙ ምንድን ነው ካልክ፣ የቨርጂኒያው ጥሩ ነው። ክፍያው የአንድ ጊዜ ነው፣ መኪናው ያንተ እስከሆነ ድረስ ምዝገባው አያልቅም። በየዓመቱ ከሚደረገው የሴፍቲ ኢንስፔክሽን ነፃ ነህ፣ ማለት ቦሎ የለም። ይሄ ማለት ግን ፍሬን የሌለው መኪና ይዘህ ውጣ ማለት አይደለም፤ መኪናው ለመንገድ ብቁ እንዲሆን የማድረጉ ኃላፊነት አንተው ላይ ነው። ካር ታክሱንም ስቴቱ ለአንቲክ እንዲቀንሱ ለካውንቲዎች ፈቅዷል፣ ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚወስነው ግን ያንተ ካውንቲ ነው። ለኤሚሽን (ለጭስ ምርመራው) ብለህ ከሆነ ደግሞ ባትደክም ይሻላል፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላው መኪና ተራ ታርጋም ቢኖረው ከኤሚሽን ምርመራ ነፃ ነው።

አንድ ደስ የምትል ነገርም አለች። መኪናህ የ1965 ከሆነና የዚያው ዓመት ትክክለኛ የቨርጂኒያ ታርጋ ካገኘህ፣ ያንኑ አሮጌ ታርጋ አስመዝግበህ መለጠፍ ትችላለህ። ቪንቴጅ ታርጋ ይሉታል። ሰዎች ለዚህች ብለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲያስሱ ይውላሉ፤ እኔ አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ ክልከላው። አንቲክ ታርጋ ያለው መኪና ለክለብ ዝግጅት፣ ለትርዒት፣ ለሰልፍ መውጣት ይችላል። ጋራዥ ሄዶ መመለስ ይችላል። ሊሸጥ ከሆነ ለሙከራ ይነዳል። ከቤትህ ከ250 ማይል ሳትርቅ አልፎ አልፎ ለመንሸራሸር ይፈቀዳል። ለዘወትር መጓጓዣ ግን አይሆንም፣ በተለይ ሥራ መመላለስ በስም ተጠቅሶ ተከልክሏል። እንዲያውም ታርጋውን ስትጠይቅ ሌላ የምትነዳው መኪና ወይም ሞተር ሳይክል እንዳለህ ማሳየት አለብህ። አመክንዮው ግልጽ ነው፦ ሌላ መኪና ከሌለህ ሥራ በምን ልትሄድ ነው?

ለሴዳን እዚህ ላይ ያበቃል። ለፒክአፕ ግን ካሶኒው ይቀራል። ሕጉ አንቲክ መኪና የሚይዘውን ሲዘረዝር ሰው፣ የግል ዕቃ፣ ለትርዒት የሚወሰድ ሌላ አንቲክ ይላል እንጂ ጭነት አይልም። እስኪ አስበው፤ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ 395 መንገድ ላይ፣ የ1998 ኤፍ-150፣ ካሶኒው ላይ መሰላል፣ ሦስት ባልዲ ቀለም፣ የአቧራ ሸራ፣ ከኋላ ደግሞ «አንቲክ» የሚል ታርጋ። ፖሊሱ ምንም መጠየቅ አያስፈልገውም፣ መኪናው ራሱ ተናግሯል። የሴዳን ባለቤት «ልዝናና ወጥቼ ነው» ቢል ማን ያውቅበታል? የፒክአፕ ባለቤት ግን ማስረጃውን ክፍት አድርጎ ጭኖ ነው የሚዞረው። ቅዳሜ የራስህን ሶፋ አንድ ጊዜ ብታመጣ ምናልባት ማንም ቃል አይናገርህም። ለሰው ዕቃ እያመላለስክ ገንዘብ የምትቀበል ከሆነ ግን ተራ የትራክ ታርጋ አውጣ። ቁርጡን ልንገርህ፣ በዓመት ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ብለህ እዚህ ውስጥ አትግባ።

ምክንያቱም ከቅጣቱ በላይ የሚያስፈራው ኢንሹራንሱ ነው። ለአሮጌ መኪና የሚሸጡ ልዩ ኢንሹራንሶች አሉ፣ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ከተራው ይቀንሳል። የሚከፍሉትም ገበያው ዛሬ በሚለው ሳይሆን ገና ስትፈርም በተስማማችሁበት ዋጋ ነው። ለ1972 ሼቭሮሌት ሲ10፣ ሰው ዓመታት ለፍቶ ላደሰው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ተራ ኢንሹራንስ «የሃምሳ ዓመት መኪና» ብሎ ሊያጣጥልብህ ይችላላ። ግን እነሱም ውል አላቸው። ለዘወትር የሚነዳ ሌላ መኪና ይኑርህ ይላሉ፣ ብዙዎቹ የሚቆለፍ ጋራዥ ይፈልጋሉ፣ ለሥራ እንዳይነዳም ያስፈርሙሃል። ሥራ እየሄድክ ተጋጭተህ ሲገኝ ያ ፊርማህ ይወጣል። «አልሰማሁም» አይሠራም።

ሌሎች ስቴቶች ጋ ስትሄድ ስሙም ሕጉም ይቀያየራል። ወንዙን ተሻግረህ ሜሪላንድ ብትገባ «ሂስቶሪክ» ነው የሚሉት፣ እዚያም የዘወትር መጓጓዣ ክልክል ነው። ፔንሲልቬንያ ሁለት ደረጃ አለው፦ 15 ዓመት የሞላው ክላሲክ፣ 25 የሞላው አንቲክ። አልፎ አልፎ መንዳት ማለት ምን ማለት እንደሆነም ቆርጦ አስቀምጧል፤ በሳምንት ከአንድ ቀን አይበልጥም። ይሄን እወድላቸዋለሁ። ሌላ ቦታ «አልፎ አልፎ» ተብሎ ተንጠልጥሎ ቀርቶ፣ ፖሊሱም ባለመኪናውም በየራሳቸው ሲተረጉሙት ይውላሉ። ሚሺጋን ደግሞ 26 ዓመት ይላል፣ ነሐሴ ወርን ግን ለቅቆላቸዋል፤ የፈረንጁ ኦገስት ሲገባ ሂስቶሪካል ታርጋ ያለው መኪና ያለ ትርዒትም ያለ ሰልፍም መንገድ ላይ ቢንሸራሸር ችግር የለውም። የዲትሮይት ስቴት አይደል!

ለፒክአፕ ሰው ከሁሉም የሚመቸው ቴክሳስ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚያም አንቲክና ክላሲክ አሉ፣ ሁለቱም 25 ዓመት ይላሉ፣ ልዩነታቸው አጠቃቀሙ ላይ ነው። የአንቲኩ ለአምስት ዓመት ይሰጣል፣ ለትርዒትና ለመሳሰለው ብቻ ነው፣ ለዘወትር ጉዳይ አይፈቀድም። የክላሲኩ ግን እንደማንኛውም መኪና በየዓመቱ ምዝገባ እየከፈልክ፣ የፈለግክበት እየሄድክ፣ ታርጋው ላይ ብቻ ክላሲክነቱን የሚያሳይ ነው። ማለትም ክብሩን ትወስዳለህ፣ ቅናሹን ትተዋለህ። አሮጌ ፒክአፑን ወዶ የሚነዳ፣ ሰኞም ቅዳሜም የሚጠቀምበት ሰው ቴክሳስ ከሆነ ክላሲኩን ይያዝ። ዳላስና ሂዩስተን ያላችሁ ወገኖች ይህን ልብ በሉ፤ «አሮጌ ስለሆነ አንቲክ ነው» ብለው የተሳሳተውን ፎርም የሚሞሉ አይጠፉም። ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ቴክሳስ ለተራ የግል መኪና የሴፍቲ ኢንስፔክሽኑን ራሱ ስላስቀረ፣ ለእሱ ብሎ አንቲክ ማውጣትም ትርጉሙ ቀንሷል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ «25 ዓመት» አለ። ሀገር ቤት የምናውቀው ናፍጣ ሃይሉክስ አሜሪካ ውስጥ እንደ ልብ የማይታየው ለምንድን ነው ብለህ ታውቃለህ? ፌዴራል መንግሥቱ የአሜሪካን የደህንነት መስፈርት ያላሟላ መኪና እንዲገባ የሚፈቅደው 25 ዓመት ሲሞላው ነው። በዚያ ላይ ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚመጣ ቀላል ጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ አለ። ስለዚህ የ1997 ናፍጣ ሃይሉክስ ዛሬ ማስገባት ይቻላል። ግን ይሄ የማስገቢያ ሕግ ነው፣ ታርጋ አይሰጥህም። ታርጋውን ስቴትህ ነው የሚሰጠው። ጃፓን የተሠሩትን ትንንሾቹን ኬይ ትራኮች መርከብ ላይ ጭነው አምጥተው፣ ቀረጡን ከፍለው፣ ከዚያ ስቴታቸው «አልመዘግብም» ያላቸው ሰዎች አሉ። መጀመሪያ ዲኤምቪን (የስቴትህን የመኪና መዝጋቢ መሥሪያ ቤት) ጠይቅ፣ ገንዘቡን ከዚያ ላክ።

ለመግዛት ካሰብክ ደግሞ ቀለሙን ከማየትህ በፊት ታይትሉን (የባለቤትነት ሰነዱን) እይ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንቲክ ታርጋም ያለ ታይትል አይሰጥም። 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር የተለመደው ከ1981 ወዲህ ነው፣ ከዚያ በፊት ያሉት ያጥራሉ። የኢንሹራንስ ድረ ገጽ ላይ ስታስገባው «ስህተት» ቢልህ አትደንግጥ፣ ደውለህ በሰው አስሞላ። መደንገጥ ያለብህ በሩ ጋ ወይም ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ከታይትሉ ጋር አልገጥም ሲል ነው። አሮጌ ፒክአፕ ካቢኑ ከአንዱ፣ ሻንሲው ከሌላው መጥቶ መገጣጠሙ ብርቅ አይደለም፣ ቆርቆሮውን ዝገት ስለሚበላው ሰው ይቀያይረዋል። ሻጩ «ታይትሉ ጠፍቷል፣ አንተ ታወጣዋለህ፣ ቀላል ነው» ካለህ፣ ቀላል ከሆነ እሱ ያውጣውና ከዚያ እንገናኝ በለው።