ሀላዋ ምንድን ነው? (የሚበላውን ማለቴ አይደለም)

ጅማ ውስጥ «ሀላዋ» ስትሉ የብዙ ሰው አፍ ውሃ ይሞላል። ጣፋጩ ነዋ! እኔ የማወራው ግን ስለ ሌላኛው ነው። ስኳር፣ ሎሚና ውሃ አብረው ፈልተው የብብት፣ የእግርና የእጅ ፀጉር የሚነቀልበት ሙጫ። ስሙ ዓረብኛ ነው፤ ያው ከጣፋጭነቱ የመጣ። ቤይሩት የቆዩት ደግሞ «ሱከር» ይሉታል፣ ስኳር ለማለት።

እኔ ወደዚህ የመጣሁት ቆዳዬ ቶሎ የሚቆጣ ስለሆነ ነው። በምላጭ በተላጨሁ በማግስቱ ብብቴ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምላጭ ፀጉሩን ከቆዳው ገጽ ላይ ቆርጦ ጫፉን ያሾለዋል። የእኛ ፀጉር ደግሞ ጥቅልል ነው። ሲያድግ ይታጠፍና ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ቆዳው እንደ እሾህ ነው የሚቆጥረው፤ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ሲድን ጥቁር ነጥብ ጥሎ ይሄዳል። ፀጉር የሚያሟሟው ክሬምም ለእኔ አልሆነም። ፀጉርም የቆዳችን የላይኛው ሽፋንም ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው፤ ክሬሙ ከቆየ ሁለቱንም ይነካል። ሰም ደግሞ ይሞቃል፤ ብዙውን ጊዜ የዛፍ ሙጫ ስላለበት የሚያስቆጣቸው ሰዎች አሉ።

ሀላዋ ውስጥ ያለው የኩሽና ዕቃ ብቻ ነው። ለብ ሲል ይቀባል፣ የተረፈው በውሃ ይለቃል። አያምም አልልም። ያማል!

አሠራሩ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ስኳር፣ ሩብ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ፣ ሩብ ብርጭቆ ውሃ ነው። ሎሚው ለሽታ አይደለም። አሲዱ ስኳሩን ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ሁለት የስኳር ዓይነቶች ስለሚከፍለው ድብልቁ ተመልሶ አሸዋ አይሆንም። («እዚህ ማር አገር ተቀምጠን ለምን በማር አንሠራውም?» ያለችኝ አለች። ማር እነዚህ ሁለቱ አሉት፤ ግን ቶሎ ያርራል። በዚህ ላይ ዋጋው!)

የመጀመሪያ ቀን ቪዲዮ አይቼ፣ ቴርሞሜትር ሁሉ ገዝቼ፣ «120 ዲግሪ» የተባለውን ጠበቅኩ። ሲበርድ ማንኪያው ድስቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቤይሩት ሰባት ዓመት የሠራች ጎረቤቴ መጣች፣ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ ማንኪያውን ነቅነቅ አድርጋ «አንቺ፣ ከረሜላ ነው እንዴ የሠራሽው?» አለችኝ።

ኋላ ነው የገባኝ። የቪዲዮው 120 እንደ ቤይሩት ላለ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ጅማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ 120 የተባለው እኛ ጋ ወደ 114 ይወርዳል። ጎረቤቴ ግን ቴርሞሜትርም አትፈልግ። ቀለሙ ቀይ ማር ሲመስል አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትጥላለች። ጠብታው በጣት ሲጫኑት እንደ ማስቲካ እሺ ካለ ደርሷል። ከተበተነ ይቀረዋል፤ ከተሰበረ አልፏል። ይህ ዘዴ የትም አገር ይሠራል።

አደራ፣ ትኩሱን አትንኩ። የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ በላይ ይሞቃል፣ ደግሞ ይጣበቃል። ቢያቃጥላችሁ ሳትቆዩ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ያዙት።

ፀጉሩ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይደግ። ቆዳው ይታጠብና በደንብ ይድረቅ። በጅማ ዝናብ ሰሞን እጅም ብብትም ስለሚረጥብ ሀላዋው ይቀልጣል፤ ትንሽ የሕፃን ፓውደር ነስነስ ማድረግ ይረዳል። ከዚያ ፀጉሩ ከሚያድግበት በተቃራኒ ይቀባል፣ ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ይነቀላል። በሰም የለመደ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ሰም ግልባጩ ነው። በአንድ እጅ ቆዳውን ወጥሩ፣ በሌላው ፈጠን አድርጋችሁ ከቆዳው ጋር አስተካክላችሁ ሳቡ፣ ወደ ላይ አይደለም። ወደ ላይ ከተሳበ ፀጉሩ መሃል ላይ ይበጠሳል፤ የተበጠሰው ያው እሾህ ይሆናል።

ቆዳችሁ እንደኔ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ቁስል፣ ሽፍታ ወይም በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳ ላይ አይሆንም። ማቅያ ክሬም ወይም ሬቲኖይድ ያለበት የብጉር መድኃኒት የምትቀቡ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት፤ ቆዳው ስለሚሳሳ ከፀጉሩ ጋር አብሮ ይነሳል። አገጭ ላይ ድንገት ጠንካራ ፀጉር የወጣባት፣ የወር አበባዋም የተዛባባት ሴት ከሀላዋ በፊት ሐኪም ትይ። የሆርሞን ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ከጨረሳችሁ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። በዚያ ቀን ዲዮድራንት፣ ሽቶና ጠባብ ልብስ ይቅር። ፀጉሩ ተመልሶ የሚታየው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። በሙስሊም ቤቶች የብብት ፀጉር ከ40 ቀን አይለፍ ስለሚባል ለዚያም ይመቻል።

ያ የመጀመሪያ ቀን እንደ ድንጋይ የደረቀብኝ ድስት? ውሃ ሞልቼበት ምድጃ ላይ መለስኩት። በሩብ ሰዓት ማንኪያው ለቀቀ።