የጌም ገንዘብ፦ ከፐብሊሸር ወይስ ከቬንቸር ካፒታል?

ጌም መሥራት ገንዘብ ይበላል። አስር ሰው ያለው ስቱዲዮ አንድ ኮፒ ሳይሸጥ ሁለት ሦስት ዓመት ደመወዝ ሊከፍል ይችላል። ገንዘቡ ከራስ ኪስ ካልወጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፐብሊሸር (ጌሙን በገንዘብ ደግፎ ለገበያ ከሚያቀርብ ድርጅት) ወይም ከቬንቸር ካፒታል ኢንቨስተር (ለጀማሪ ድርጅት ገንዘብ ሰጥቶ የባለቤትነት ድርሻ ከሚወስድ) ነው። የሚፈልጉት ግን ለየቅል ነው። ፐብሊሸሩ ጌሙን ያያል፤ ኢንቨስተሩ ድርጅቱን።

የፐብሊሸር አሠራር የእኩል እርሻን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ባለመሬቱ ዘር ይሰጣል፣ ምርቱ ሲገባ መጀመሪያ ዘሩ ይነሳል፣ የተረፈውን ይካፈላሉ። ገንዘቡ በአንዴ አይለቀቅም። ማይልስቶን በሚባሉ ደረጃዎች ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፤ ናሙናው ሲደርስ ጥቂት፣ አልፋው (ገና ያልጠራው የመጀመሪያ ቅጂ) ሲደርስ ጥቂት። ፐብሊሸሩ “ይሄ ገና ነው” ካለ ክፍያው ይዘገያል። የሠራተኛ ደመወዝ ግን ወር ጠብቆ ይደርሳል።

ዋናው ጥያቄ ዘሩ ከማን ድርሻ ይነሳል የሚለው ነው። ለምሳሌ ያህል እናስላው። ፐብሊሸሩ 500,000 ዶላር ሰጠ እንበል። ጌሙ በ20 ዶላር ይሸጣል፣ ክፍፍሉም እኩል ነው። እንደ ስቲም ያለ የኢንተርኔት መደብር 30 በመቶውን ሲወስድ 14 ዶላር ይቀራል። ወጪው ከዚህ ከ14ቱ ላይ ከተነሳ፣ 36,000 ኮፒ ገደማ ሲሸጥ ሒሳቡ ይዘጋል። ከሠሪው 7 ዶላር ላይ ብቻ ከተነሳ ግን ከ71,000 ኮፒ በላይ መሸጥ አለበት። ሠሪው እስከዚያ ድረስ ቁጭ ብሎ ያያል። ሁለቱም ውል ላይ የተጻፈው ደግሞ “እኩል” ነው!

ከሽያጭ ምንም ድርሻ የማይሰጥ ውልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ለወጣው ፎልአውት ኒው ቬጋስ፣ ሠሪው ኦብሲዲያን ከፐብሊሸሩ ከቤተስዳ ያገኘው ቁርጥ ክፍያ ነበር። ጉርሻ የሚያገኘው ጌሙ የሃያሲያንን ነጥብ በሚሰበስበው ድረ ገጽ በሜታክሪቲክ የግምገማ አማካይ 85 ከደረሰ ነው። 84 ላይ ቆመ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ለዘብ ያሉ ውሎች መጥተዋል። ኤፒክ ጌምስ በ2020 የፐብሊሺንግ ክፍሉን ሲያስተዋውቅ፣ ወጪውን ካነሳ በኋላ ቢያንስ የትርፉ ግማሽ ለሠሪው እንደሚሆን፣ የጌሙ መብትም ሙሉ በሙሉ የሠሪው እንደሆነ ተናግሯል።

ቬንቸር ካፒታል ዘሩን መልሱልኝ አይልም። 2 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ የድርጅቱን 20 በመቶ ይወስዳል እንበል። ጌሙ ቢከሽፍ ዕዳ የለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ኢንቨስተሩ የሚያስተዳድረው ፈንድ ራሱ የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነው፤ በአስር ዓመት ገደማ ከነትርፉ መመለስ አለበት። ገንዘብ ካስገባባቸው ድርጅቶች አብዛኞቹ እንደማይሳካላቸው ስለሚያውቅ፣ አንዱ ወይም ሁለቱ የሌላውን ሁሉ ኪሳራ እንዲሸፍኑለት ይፈልጋል። 100,000 ኮፒ ሸጦ ሠሪዎቹን ደህና የሚያኖር ጌም ለፐብሊሸር ሠርግና ምላሽ ነው፤ ለእሱ ግን ምኑም አይደል። ድርጅቱ በ3 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ ደግሞ በተለመደው ውል ኢንቨስተሩ ቅድሚያ 2 ሚሊዮኑን ያነሳል። 80 በመቶ ይዘናል ያሉት መሥራቾች የቀረችውን 1 ሚሊዮን ይካፈላሉ።

ይህ ገንዘብ ልክ የሆነለት ራየት ጌምስ ነው። መሥራቾቹ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን ለፐብሊሸሮች ሲያሳዩ፣ በነጻ የሚሰጥና ብቻን የሚጫወቱት ክፍል የሌለው ጌም ነገሩ አልገባቸውም። በ2008 ቤንችማርክና ፈርስትማርክ የተባሉ የቬንቸር ካፒታል ድርጅቶች 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገቡ። ጌሙ በ2009 ወጣ፤ በ2011 የቻይናው ቴንሰንት አብዛኛውን ድርሻ ገዛ።

ሁለቱንም መንገድ የቀመሰው የካሊፎርኒያው ዛትጌምካምፓኒ ነው። መጀመሪያ ከሶኒ ጋር የሦስት ጌም ውል ነበረው። ሦስተኛው ጌም ጆርኒ በአንድ ዓመት ያልቃል ተብሎ ሦስት ዓመት ፈጀ፤ ገንዘቡም አለቀ። የስቱዲዮው መሪ ጄኖቫ ቼን በ2013 ላስ ቬጋስ ላይ ድርጅቱ ከስሮ እንደነበር በአደባባይ ተናገረ። በዚያው ሰሞን ጆርኒ እዚያው ስምንት ሽልማት ወሰደ። ስቱዲዮው ግን ከውሉ ወጥቶ በ2012 ከቤንችማርክ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ነበር። ቀጣዩ ጌም ስካይ አይፎን ላይ የወጣው በ2019 ነው፤ ሰባት ዓመት! ጆርኒ አንዴ ተከፍሎበት የሚያልቅ አጭር ጌም ነበር። ስካይ በነጻ ይገባል፣ ውስጡ ግን ይሸጣል። የኢንቨስተሩ ጥላ ያለበት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ2022 ቲፒጂና ሴኮያ የተባሉ ኢንቨስተሮች ሌላ 160 ሚሊዮን ዶላር ጨመሩለት። ሴኮያ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም። በ1982 ትሪፕ ሆኪንስ ኤሌክትሮኒክ አርትስን ሲያቋቁም፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ካዋጡት አንዱ እሱ ነበር። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ዛሬ ከዓለም ትላልቅ ፐብሊሸሮች አንዱ ነው።