ኪዳን በአይሁድና በክርስትና እምነት

በመጽሐፍ ቅዱስ ኪዳን ማለት እግዚአብሔርና ሰው፣ አንዳንዴም ሰውና ሰው፣ በመሐላ የሚተሳሰሩበት ጽኑ ስምምነት ነው። ምልክትና ምስክር አለው፤ ያፈረሰው ወገን የሚደርስበትም አስቀድሞ ይነገራል።

ሥርዓቱ በዘፍጥረት 15 በግልጽ ይታያል። አብራም የሦስት ዓመት ጊደር፣ ፍየልና በግ፣ ዋኖስና ርግብም አመጣ። እንስሳቱን ለሁለት ከፍሎ ትይዩ አኖራቸው፤ ወፎቹን ግን አልከፈለም። በተከፈለ ሥጋ መካከል ማለፍ «ቃሌን ባፈርስ እንዲህ ልሁን» ብሎ በራስ ላይ መማል ነው። ኤርምያስ 34 ይህን ያስረዳል፦ በንጉሥ ሴዴቅያስ ዘመን የኢየሩሳሌም ሹማምንት በጥጃ ቁራጮች መካከል አልፈው ባሪያዎቻቸውን ነጻ ሊያወጡ ማሉ፤ ካወጧቸው በኋላ ግን መልሰው ገዟቸው፤ ነቢዩም እንደዚያ ጥጃ እንደሚሆኑ ተናገረባቸው። በአብራም ጊዜ ያለፈው የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል ብቻ ነው። አብራም ራሱ አላለፈም፤ ስለዚህ ያ ኪዳን በእግዚአብሔር መሐላ ብቻ የቆመ ነው ይባላል።

የሲና ኪዳን ሁለቱንም ወገን ያስራል። በዘጸአት 24 ሙሴ ለ12ቱ ነገድ 12 ሐውልት አቆመ፤ የደሙን እኩሌታ በመሠዊያው ላይ ረጨ፤ የኪዳኑን መጽሐፍ አነበበ። ቀሪው ደም በሕዝቡ ላይ የተረጨው «እናደርጋለን፣ እንታዘዛለን» ካሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ሊዘለል አይገባም፤ ሕዝቡ የታሰረው ሰምቶና ፈቅዶ ነው። በዛሬዋ ቱርክ ይኖሩ የነበሩት የጥንት ኬጢያውያን ነገሥታት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ከገባሮቻቸው ጋር የሚዋዋሉት ውልም የታሪክ መግቢያ፣ ግዴታዎች፣ ምስክሮች፣ በረከትና እርግማን ነበሩት፤ ሰነዱም በቤተ መቅደስ ተቀምጦ በየጊዜው እንዲነበብ ይታዘዝ ነበር። ኦሪት ዘዳግም ይህን አካሄድ በብዙ ይመስላል፦ ጽላቱ በታቦት ይቀመጣል፣ ሕጉ በየ7 ዓመቱ በዳስ በዓል ይነበባል፣ ለምስክርነት የሚጠሩትም ሰማይና ምድር ናቸው።

አይሁድ የአብርሃምን ኪዳን ዛሬም በሥጋ የሚያትሙት በግዝረት ነው። የልደቱ ዕለት አንድ ተብሎ ተቆጥሮ በ8ኛው ቀን፣ በቀን ብርሃን ይፈጸማል። ሳንዳቅ የተባለው ሰው ሕፃኑን በጉልበቱ ይይዛል፤ ሞሄል የተባለው ገራዥ ሸለፈቱን ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ስስ ሽፋን ይገልጣል፤ ከቡራኬው በኋላ ለልጁ ስም ይወጣለታል። 8ኛው ቀን ሰንበት ቢሆንም ይገረዛል፤ በቀዶ ሕክምና የተወለደው ግን ከሰንበት ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል። ቢጫ የሆነ ሕፃን መልኩ እስኪመለስ ይጠበቃል፤ መላ አካሉ ታሞ የዳነም 7 ሙሉ ቀን ይታከልለታል። ሁለት ወንድሞቹ ተገርዘው የሞቱበት ሕፃን እንዳይገረዝ ታልሙድ የተባለው የአይሁድ መምህራን የሕግ መጽሐፍ ይደነግጋል፤ ሕይወት ይቀድማልና። ቤተ እስራኤልም ልጆቻቸውን በ8ኛው ቀን ሲገርዙ የኖሩ ናቸው። ወደ እስራኤል ሲገቡ ግን የዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት ወደ አይሁድነት የመመለስ ሥርዓት ጠየቃቸው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጡ። ኪዳኑን በመከራ ለጠበቀ ሕዝብ ጥያቄው መራራ ነበር።

ኤርምያስ 31 በልብ ስለሚጻፍ አዲስ ኪዳን ይናገራል። አይሁድ ይህን የሲናው ኪዳን መታደስ አድርገው ይረዱታል። ክርስቲያኖች ደግሞ ጌታ በመጨረሻው እራት ጽዋውን «በደሜ የሚሆን አዲስ ኪዳን» ባለው ቃል እንደተፈጸመ ያምናሉ፤ የዕብራውያን መልእክትም ይህን ደም ሙሴ ከረጨው ደም ጋር ያነጻጽረዋል። በሐዋርያት ሥራ 15 የተሰበሰቡት ሐዋርያት ከአሕዛብ ያመኑት እንዲገረዙ አላስገደዱም፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት እንዲርቁ ብቻ አዘዙ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ዘንድ ግዝረት ቢኖርም ወደ ኪዳኑ የሚገባው በጥምቀት ነው፤ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረት የአገር ልማድ እንጂ እንደ አይሁድ ሕግ እንዳልሆነ ገልጸዋል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት «አዲሱ ከመጣ የፊተኛው ተሽሯል፤ አይሁድም ተጥለዋል» የሚለው ትምህርት ነው። ለዘመናት ለጥላቻና ለስደት ምክንያት ሆኗል። ጳውሎስ ግን በሮሜ 11 የእግዚአብሔር ስጦታና ጥሪ ጸጸት እንደሌለበት ጽፏል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1965 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ይህንኑ ቃል ይዛ፣ አይሁድ በእግዚአብሔር እንደተጣሉ ወይም እንደተረገሙ ተደርጎ መቅረብ እንደሌለበት አወጀች።