ዲፒአይ ምንድን ነው? የማውስ ካርቶን ላይ ስለሚጻፈው ትልቅ ቁጥር

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ገብቼ ገመድ አልባ ማውስ ጠየቅሁ። ልጁ ሁለት ካርቶን ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ። አንዱ ላይ 1,000 ይላል፣ ሌላው ላይ 7,200። «ይቺኛዋ ትሻልሃለች፣ ቁጥሯን አየኸው?» አለና ሁለተኛዋን ወደ እኔ ገፋ አደረጋት። እኔ ደግሞ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ትልቅ ቁጥር ሳይ ልቤ ይሸነፋል። ሳልከራከር ከፍዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የአንድ ነጋዴ መዝገብ የምሠራበት ቀን ነበር። ኤክሴል ከፍቼ አንዲት ቁጥር ላይ ላርፍ እጄን ነካ ሳደርግ፣ ቀስቷ እንደ ፌንጣ ዘልላ የስክሪኑ ጥግ ላይ ተለጠፈች። መለስ ሳደርጋት ወዲያ ማዶ። ባለቤቱ ሐጂ ከጎኔ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» አሉኝ። አይ፣ ማውሷ ናት አልኳቸው። «አብሽር፣ ቡና ይምጣልህ» አሉ። እንዳላመኑኝ ገባኝ።

ያ ቁጥር ዲፒአይ ይባላል። ማውሱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ኢንች ሲሄድ፣ ስንት ጊዜ «አንድ እርምጃ ሄጃለሁ» ብሎ ለኮምፒውተሩ እንደሚናገር የሚገልጽ ቁጥር ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የአንድ ጎልማሳ አውራ ጣት ስፋት ያህል በሉት። 1,000 ዲፒአይ ማለት በዚያች በአውራ ጣት ስፋት ውስጥ አንድ ሺህ እርምጃ ይቆጠራል ማለት ነው።

አንድ አባት ልጁን እጁን ይዞ ከሆጤ ወደ ፒያሳ ይሄዳል እንበል። መንገዱ አንድ ነው። ሁለቱም እርምጃቸውን ቢቆጥሩ ግን የትንሹ ልጅ ቁጥር ይበዛል፣ እግሩ አጭር ነዋ። የበለጠ ስለቆጠረ የበለጠ ሩቅ አልሄደም። ችግሩ ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም። ለተነገረው እያንዳንዱ እርምጃ ቀስቷን በስክሪኑ ላይ አንድ ነጥብ ያስኬዳታል። ብዙ ቆጥሮ የነገረውን ማውስ ብዙ ያስሮጥለታል።

እስቲ እናስላው። ዛሬ ብዙው ላፕቶፕ ስክሪኑ ወደ ጎን 1,920 ነጥብ አለው። ቀስቷን ከግራ ጫፍ ወደ ቀኝ ጫፍ ለማድረስ በ800 ዲፒአይ እጅ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። በ1,000 ወደ 5፣ በ1,600 ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር። በእኔዋ በ7,200ዋ? 7 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከአንዲት ሽምብራ ስፋት የማይበልጥ መንገድ ላይ ስክሪኑን ሙሉ ታቋርጣለች። ሐጂ እጅህ ይንቀጠቀጣል ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ስሌቱ ፍንክች የማይል አይደለም። ዊንዶውስ እጅ ሲፈጥን ቀስቷን ይበልጥ የሚያስፈነጥር አሠራር አለው፣ ብዙ ጊዜ ሳናበራው በርቶ ነው የምናገኘው። ሴቲንግ ገብቶ የቀስቷን ፍጥነት መቀነስም ይቻላል። እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ትንሽ ይረዳል፣ ግን ሰፊ ጫማ ውስጥ ጨርቅ እንደ መጠቅጠቅ ነው።

ለመሆኑ ማውሱ እርምጃውን በምን ይቆጥራል? ከሆዱ ሥር ትንሽ መብራትና በጣም ትንሽ ካሜራ አለው። ካሜራዋ የጠረጴዛውን ገጽ በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ታነሳለች፣ አንዱን ምስል ከቀጣዩ ጋር ታስተያያለች፣ የጠረጴዛው ጭረትና ሸካራነት ምን ያህል እንደተንሸራተተ አይታ ትቆጥራለች። ድሮ ይህ ሥራ የጎማ ኳስ ነበር። ዕድሜው የሚፈቅድለት ሰው ያን ኳስ አውጥቶ የተጠቀለለውን ቆሻሻ በጥፍሩ መፋቁን አይረሳም። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በዳግላስ ኤንግልባርት ሐሳብ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው የመጀመሪያው ማውስ የእንጨት ሣጥን ነበር፣ ከሥሩ ሁለት ጎማ የተገጠመለት።

የካሜራው ነገር ሲገባን የካፌው ጣጣም ይገባናል። መስተዋት የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ማውስ የሚታወረው ለዚህ ነው። ብርሃኑ ያልፋል፣ ካሜራዋ የምትይዘው ጭረት ታጣለች፣ ቀስቷ ትቆማለች ወይ ትደንሳለች። እንደ ሎጂቴክ ያሉ አምራቾች ከ4 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ባለው መስተዋት ላይ የሚሠራ ማውስ አላቸው፣ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ከሥሩ ደብተር ማንጠፍ በነጻ ነው። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ያለፈ ዓመት ካላንደር ጠንካራ ሽፋን ይዤ እዞራለሁ፤ ሰው ይስቃል፣ ማውሴ ግን ይሠራል።

ታዲያ 7,200 ለማን ተሠራ? ለጌም ተጫዋች፣ ወይ ሁለት ሦስት ትልልቅ ስክሪን ደርድሮ ለሚሠራ ሰው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ፣ በርካሽ ማውስ ላይ ቁጥሩ ራሱ የተነፋ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩ፣ ማለትም ያቺ ካሜራ፣ ያላየውን በግምት እየሞላ ቁጥሩን ያሳድጋል። ዱቄት ሳይጨመር ውኃ ብቻ የበዛበት ሊጥ በሉት፤ ድስቱ ይሞላል፣ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም። ሎጂቴክ ኤም 185 የምትባለው በየሱቁ የምትታየው ትንሽ ማውስ 1,000 ዲፒአይ ናት። ለጽሑፍ፣ ለኤክሴልና ለኢንተርኔት አላነሰችም።

መንገድ ለሚበዛው ሰው ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው የቦታ ጥበት ሲመጣ ነው። አውቶቡስ ላይ ማውስ እንጠቀማለን የሚል ሰው ሐረጎን፣ ያን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያስወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ወርዶ አያውቅም፤ እዚያ ቦርሳን እንኳ በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። ጥበቱ ያለው ስንደርስ ነው። ወልድያ ሆቴል ክፍል ውስጥ ያለችው ጠረጴዛ ላፕቶፑ ከተቀመጠባት በኋላ የምትተርፈው ስንዝር ናት። ሐይቅ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብላችሁ ስትሠሩ ደግሞ ሲኒውም ስልኩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። እዚህ ላይ 1,600 ጥሩ ነው፣ እጅ ብዙ ሳይሄድ ቀስቷ ትደርሳለች። ቢሮ ስትመለሱ 1,000 ይበቃል። ለዚህ ነው ከመንኮራኩሯ ኋላ ትንሽ ቁልፍ ያላትን ማውስ የምመርጠው። ቁልፏን ጫን ባሏት ቁጥር ከ800 ወደ 1,200፣ ከዚያ ወደ 1,600 የምትቀይር ትገኛለች። ከፍተኛው ስንት ነው ከማለት ዝቅተኛው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የእኔዋ ጉደኛ ዝቅ ስትል 2,400 ነበረች።

ምቾትን ግን የትኛውም ቁጥር አይነግራችሁም። እሱን የሚያውቀው እጅ ነው። ለጉዞ የሚሸጡት ትንንሽና ጠፍጣፋ ናቸው፣ ቦርሳ ጎን ውስጥ ሽው ይላሉ። እጁ ሰፋ ያለ ሰው ለአንድ ሰዓት ይዟቸው ጣቶቹን አጥፎ እንደ ጥፍራም ዶሮ ጠረጴዛውን ሲጭር ይውላል። ማታ የእጅ አንጓው ይነግረዋል። መዳፍን የሚሞላ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ማውስ ለረጅም ሥራ ይሻላል፣ ቦርሳ ውስጥ ግን እንደ ድንች ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም እጃችሁን ጣሉበት። አንጓችሁ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል? ጣቶቻችሁ ሳይንጠራሩ ሁለቱን ቁልፎች ያገኛሉ? አንስታችሁ ስትመልሱት በአውራ ጣትና በቀለበት ጣት መካከል ይያዛል ወይስ ይሾልካል? ግራኝ ከሆናችሁ ለቀኝ እጅ ብቻ የተቀረጸውን ተዉት፣ ሁለቱ ጎኑ እኩል የሆነውን ፈልጉ። በሳምንት ሁለት ቀን መንገድ ላይ፣ አምስት ቀን ጠረጴዛ ላይ የሚውል ሰው ለአምስቱ ቀን ይግዛ ባይ ነኝ።

ገመዱ የለም ሲባል ደግሞ በሌላ ነገር ተተክቷል ማለት ነው። አንደኛው ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ የጥፍር ያህል ዶንግል ናት። ሰክቶ መሥራት ነው፣ ምንም አታስቸግርም። ከጠፋች ግን ማውሱ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ ማስቀመጫ ላይ የሚቀር ጌጥ ይሆናል፣ የሌላ ማውስ ዶንግል እንዲሁ ተሰክቶ አይሠራለትምና። ስትጓዙ ብዙ ጊዜ ከሆዱ ሥር፣ ባትሪው ቤት ውስጥ የተሠራችላት ቀዳዳ አለች፣ እዚያ መልሷት። ሁለተኛው ብሉቱዝ ነው፤ የሚጠፋ ነገር የለውም፣ ግን በየቢሮው ያሉት የቆዩ ዴስክቶፖች ብሉቱዝ አያውቁም። ሁለቱንም የያዘ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁ ውሰዱት።

ባትሪን በተመለከተ እኔ አሮጌ ነኝ፣ ድንጋይ የሚበላውን እመርጣለሁ። ለግድግዳ ሰዓት የምንገዛት ድንጋይ ውጫሌም መርሳም ኪዮስክ አትጠፋም። ቻርጅ የሚደረገው ይቀላል፣ መብራት በጠፋበት ቀን ግን ከስልክና ከላፕቶፕ ጋር ተራ ይጠብቃል። የትኛውንም ብትይዙ ቦርሳ ከመግባቱ በፊት ከሥሩ ያለችውን ማጥፊያ ወደ ጎን ግፏት።

7,200ዋን ጌም ለሚወደው ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት፣ እንደ ንጉሥ ተቀበላት። እኔ የ1,000ዋን ገዝቼ በሚቀጥለው ወር ኮምቦልቻ ሄድኩ። ሐጂ ቀስቷ ጸጥ ብላ ከቁጥር ቁጥር ስትሄድ አዩ።

«ይቺስ ስንት ናት?»

«አንድ ሺህ።»

«ያቺኛዋ ሰባት ሺህ ምናምን አልነበረችም?»

«ነበረች።»

ትንሽ አሰቡ። «ቁጥሩ ሲቀንስ ሥራው ከተቃና» አሉ ሳቃቸውን ይዘው፣ «እንግዲህ የአንተንም ክፍያ ቀነስ እናድርገው ልጄ!»